ጀልባዎን ሰው ሲነዳልዎ፦ ደመወዝ፣ ገቢ፣ ኪራይ ወይስ ድርጅት?

ሀዋሳ ሐይቅ ላይ ጀልባ ያለው ሁሉ ጀልባ ነጂ አይደለም። አንዱ መምህር ነው። አንዷ ሱቅ አላት። ሌላው ውጭ ሀገር ሆኖ ለወንድሙ ብር ልኮ ያስገዛ ነው። ጀልባው ፍቅር ሐይቅ ወይም አሞራ ገደል ዳር ይቆማል፤ የሚነዳው ግን ሌላ ሰው ነው። በባለቤቱና በነጂው መካከል ያለው ስምምነት ብዙ ጊዜ የቃል ነው። ስለ ብሩ በደንብ ይነጋገራሉ። አደጋ ቢደርስ ማን ይከፍላል የሚለው ግን አይነሳም። ቢነሳም "እግዜር አያምጣው" ተብሎ ይታለፋል።

እኔም እግዜር አያምጣው እላለሁ። ነገር ግን ውሃ ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ጥያቄ ጀልባውን ውሃ ላይ ከማውጣቱ በፊት መመለስ አለበት። ከአደጋ በኋላ የሚመለሰው በፍርድ ቤት ነው። ያኔ ደግሞ የሚታየው ጀልባው ብቻ አይደለም፤ ቤትዎም፣ የባንክ ደብተርዎም አብሮ ይታያል።

እዚህ ከተማ የተለመዱት አማራጮች አምስት ናቸው፦ ነጂ በደመወዝ መቅጠር፣ ነጂው በቀን የተወሰነ ገቢ እንዲያስገባ መስማማት፣ ጀልባውን በውል ማከራየት፣ በድርጅት ወይም በማኅበር ስም መሥራት፣ ወይም ራስ መንዳት። በገንዘብ ብቻ ካየናቸው ገቢ ማስገባቱ ቀላል ይመስላል። በሕግ ኃላፊነት በኩል ሲታዩ ግን ደረጃቸው ይገለባበጣል።

በየትኛውም ውል የማይጠፋው ኃላፊነት

ብዙ ባለቤት አሠራሩን የሚመርጠው ከተጠያቂነት ለመውጣት ነው። "አከራይቼዋለሁ፣ እኔን አይመለከተኝም" ይላል። መነሻው ልክ አይደለም።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 የማሽን ወይም የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ ንብረቱ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል። ጉዳቱ የደረሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ሲነዳ ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ከተጠያቂነት አይወጣም። ቁጥር 2086 ደግሞ "እኔ ጥፋት የለብኝም" ወይም "ምክንያቱ አልታወቀም" የሚለውን መከላከያ ይዘጋዋል። በር የሚከፈተው ጥፋቱ በሙሉ ወይም በከፊል የተጎጂው ሲሆን ነው። ንብረቱ በዚያ ሰዓት ተሰርቆ እንደነበር ማስረዳት የሚችል ባለቤትም መውጫ አለው። ሕጉ "ሞተር ጀልባ" ብሎ በስም አልጠራም። ግን ሞተር የተገጠመለት ጀልባ ማሽን አይደለም ብሎ ችሎት ፊት መቆም ከባድ ይመስለኛል። እርስዎም እንደሚካተት አስበው ይዘጋጁ።

በመቅዘፊያ የሚሄደው የእንጨት ጀልባ ትንሽ ይለያል። እዚያ ተጎጂው የሰው ጥፋት ማሳየት ይጠበቅበታል። ሞተር ሲገጠም ግን ኃላፊነቱ ባለቤትነትዎን ተከትሎ ይመጣል። አሮጌ ጀልባቸው ላይ ሞተር ሊያስገጥሙ ያሰቡ ሰዎች ይህን ከነዳጁ ወጪ ጋር አብረው ያስቡት።

ይህ እንግዲህ ከእርስዎ ጋር ምንም ውል ለሌለው ሰው ነው። የሚዋኝ ልጅ፣ መረቡን የሚስብ ዓሣ አጥማጅ፣ በሌላ ጀልባ ላይ ያለ ሰው ማለት ነው። ከፍሎ የተሳፈረ ሰው ሌላ ነው፤ እሱ ከእርስዎ ጋር ውል አለው። ቁጥር 2088 እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ውል ሕግ ይመልሰዋል። የማጓጓዝ ውል ደግሞ በንግድ ሕጉ የራሱ ደንቦች አሉት፤ ጠበቃዎ አብሮ ይያቸው። በጠቅላላው የውል ሕግ ግን "አላጠፋሁም" ማለት ብቻውን አያድንም። የሚያድነው ከዐቅም በላይ የሆነ፣ ማንም ሊያስበው የማይችል ነገር ነው።

እዚህ ላይ ሐይቃችንን የሚያውቅ ሰው ቆም ይበል። ጠዋት ጸጥ ብሎ የሚውለው ውሃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳበት ማዕበል እንደሚያነሳ ዳር ላይ ቆሎ የምትሸጠው ልጅ ሳትቀር ታውቃለች። ጉማሬ የሚተኛበትን የሸንበቆ ዳርም ነጂዎቹ ሁሉ ያውቁታል። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀልባ ሞልቶ ወጥቶ "ነፋሱ ድንገት መጣብን" ማለት ከዐቅም በላይ ነው ለማለት አያበቃም። ቱሪስት ፎቶ እንዲያነሳ ብሎ ጉማሬው አጠገብ ሞተር ያጠፋ ነጂም እንደዚሁ ነው። የሚታወቅ አደጋ ለባለቤቱ መከላከያ አይሆንም። ይልቁንም የጥንቃቄ ጉድለት ማስረጃ ይሆንበታል።

አንዳንዱ "የባሕር ሕግ አለ፣ የመርከብ ባለቤት ኃላፊነቱ ወሰን አለው" ይላል። እውነት ነው፣ የ1952 የባሕር ሕጋችን የመርከብ ባለቤት ኃላፊነቱን በገንዘብ መጠን እንዲወስን ይፈቅዳል። ነገር ግን ሕጉ የታሰበው ባሕር ላይ ለሚሄዱ መርከቦች ነው። የሽርሽር ጀልባዎን ይዘው ወደዚያ ሕግ ለመግባት አይቁጠሩ። ባሕር ላይም ቢሆን ለመርከበኛው ያለው ኃላፊነት ቀላል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1920 ጀምሮ ጆንስ አክት የሚባለው ሕግ የተጎዳ መርከበኛ አሠሪውን በቸልተኝነት እንዲከስ መብት ይሰጠዋል። ከዚያ ቀድሞ በነበረው የባሕር ልማድ ደግሞ አሠሪው ጥፋት ኖረው አልኖረው፣ የታመመ መርከበኛውን ማሳከምና ማኖር አለበት። የእኛ የሠራተኛ ሕግ ሐሳቡ ከዚህ ሁለተኛው ጋር ይቀራረባል።

ወንጀሉም አለ። በቸልተኝነት ሰው መግደል በወንጀል ሕጉ ቁጥር 543 ይጠየቃል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ወይም ግልጽ ደንብ ሆን ተብሎ ከተጣሰ፣ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ለዚህ መድን የሚሸጥ የለም።

በደመወዝ መቅጠር

ውድ ይመስላል። ነጂው ሥራ ቢኖርም ባይኖርም በወር ደመወዙን ይወስዳል። ለጡረታ እርስዎ 11 በመቶ፣ እሱ 7 በመቶ ይከፈላል። የሥራ ሰዓቱ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው፤ ከዚያ በላይ ትርፍ ሰዓት ነው። እሁድና በዓል፣ በተለይ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ ሲደርስ ሐይቁ ዳር ሰው በሚሞላበት ጊዜ፣ ሒሳቡ ከፍ ይላል።

ኃላፊነቱም ሙሉ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው ሥራ ላይ ከተጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ሞተሩ እጁን ቢቆርጠው፣ ተንሸራቶ ቢወድቅ፣ ሌሊት ገመዱ ተፈትቶ የሚሄደውን ጀልባ ለማዳን ማንም ሳያዘው ውሃ ውስጥ ገብቶ ቢጎዳ፣ የሥራ ላይ አደጋ ነው። የማይካተተው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው። አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ መጣስ፣ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ጠጥቶ ሥራ መግባት እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። "በግልጽ" የምትለዋን ያስምሩባት። በአፍ የተባለ መመሪያ ለማስረዳት አስቸጋሪ ነው። በጽሑፍ ሰጥተው ያስፈረሙት ግን ሌላ ነገር ነው።

ጉዳት ሲደርስ የሚከፈለውን በቁጥር እንየው። ሕክምናው፣ መድኃኒቱ፣ ካስፈለገም ሰው ሠራሽ አካሉ በአሠሪው ነው። ነጂው ለጊዜው መሥራት ካቃተው የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ ያገኛል። የሚቀጥሉትን 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ የመጨረሻዎቹን 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፈለዋል። ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት ካልቻለና የጡረታ ሽፋን ከሌለው፣ አሠሪው የዓመት ደመወዙን 5 እጥፍ ይከፍለዋል። ለምሳሌ በወር 6,000 ብር የሚከፈለው ነጂ ቢሆን፣ የዓመቱ 72,000 ነው፤ አምስት እጥፉ 360,000 ብር ይመጣል። ከአንድ ትንሽ ጀልባ ትርፍ ይህን ማውጣት ከባድ ነው።

እዚህ ላይ ነው ጡረታው የሚያተርፈው። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 የተመዘገበ ሠራተኛ የዘላቂ ጉዳት ክፍያው የሚሄደው በጡረታ ሕጉ ነው። በየወሩ የሚከፍሏት 11 በመቶ ያችን 360,000 ከጫንቃዎ ታነሳለች። ብዙ ባለቤት ጡረታን እንደ ግብር ብቻ ነው የሚያየው። እኔ ከሁሉም ርካሹ የመድን ዓይነት አድርጌ አየዋለሁ።

ከተሳፋሪና ከሌላ ሰው አንጻርም የቀጣሪነት ኃላፊነት አለ። ነጂዎ በሥራው ላይ እያለ በጥፋቱ ሰው ከጎዳ፣ እርስዎ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2130 ከእሱ ጋር ይጠየቃሉ። ይህ የደመወዝ አሠራር ድክመት መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም ከላይ እንዳልነው ባለቤት ስለሆኑ አስቀድመውም ተጠያቂ ነዎት። መቅጠር አዲስ የሚያመጣብዎ ሸክም ከሚታሰበው ያንሳል።

በምላሹ የሚያገኙት ሥልጣን ነው። "ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አትወጣም" ማለት ይችላሉ። "ከዚህ ቁጥር በላይ ሰው አትጭንም" ብለው ያልሰማውን በጽሑፍ አስጠንቅቀው ማሰናበት ይችላሉ። ነጂው ሰው ባበዛ ቁጥር የሚጨምርለት ገንዘብ ስለሌለ፣ የሚያጣድፈው ነገር የለም። ውሃ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ገቢ ማስገባት

ከባጃጅ የመጣ አሠራር ነው። ነጂው በቀን ይህን ያህል ያስገባል፣ የተረፈው የእሱ ነው። ነዳጅ በእሱ ነው። ባለቤቱ ማታ ማታ ብሩን በሞባይል ይቀበላል፣ ሌላ ጣጣ የለውም። ለዚህ ነው በጣም የተወደደው።

እኔ ከአምስቱ ሁሉ አደገኛው ይሄ ነው ባይ ነኝ። ሁለት ምክንያት አለኝ።

የመጀመሪያው ነጂው ላይ የሚያሳድረው ጫና ነው። ጠዋት ሥራ ከቀዘቀዘ የባለቤቱ ገቢ ገና አልሞላም። ከሰዓት ነፋስ ይነሳል፤ ያን ጊዜ አምስት ሰው መጥቶ "አንዴ ዞር አድርገን" ቢለው እምቢ የሚል ነጂ ስንት ነው? እምቢ ቢል ከኪሱ ነው የሚከፍለው። ስድስት ሰው መጫን ያለበት ጀልባ ላይ ዘጠኝ ሰው ሲሳፈርም ምክንያቱ ያው ነው። ስምምነቱ ራሱ ነጂውን ወደ አደጋ ይገፋዋል፤ ጉዳት ሲደርስ ግን የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው።

ሁለተኛው የሕጉ ነው። ባለቤቱ "እሱ ሠራተኛዬ አይደለም፣ ገቢ ነው የሚያስገባው" ይላል። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ስሙን አይደለም፤ ሰውየው በማን ትዕዛዝ ሥር ሆኖ ነው የሚሠራው የሚለውን ነው። ሰዓቱን የሚወስነው ማነው? ሌላ ሰው ተክቶ ማስነዳት ይችላል? ጀልባው ሲበላሽ ማን ያሠራዋል? ነገ "አምጣ ቁልፉን" ብለው ማስቀረት ይችላሉ? መልሱ ሁሉ ወደ ባለቤቱ ካመለከተ፣ ነጂው ሠራተኛ ነው የሚል ክርክር ሊመጣ ይችላል። የጽሑፍ ውል አለመኖሩም ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም። ስለዚህ አሠሪ መሆንዎን የሚያውቁት ከአደጋው በኋላ ይሆናል። ያን ጊዜ ጡረታ አልከፈሉም፣ የሠራተኛ ጉዳት መድን የለዎትም፣ "ደመወዙ ስንት ነበር?" ሲባልም የሚያሳዩት ወረቀት የለም።

ነጂውም ይጎዳል። ሁለት ወር ቢተኛ የሚያስገባው የለም፣ የሚበላውም የለም። ቤተሰቡ ደጅዎ ሲመጣ የሕጉ ጥያቄ የሰው ጥያቄም ይሆናል። እዚህ ከተማ ደግሞ ተሸሽጎ የሚኖር ሰው የለም።

በፐርሰንት መካፈል፣ ማለትም ከቀኑ ገቢ ይህን ያህሉ ለነጂው መስጠት፣ ከገቢ ይሻላል። ሥራ ሲቀዘቅዝ ሁለታችሁም ትቀንሳላችሁ፣ ነጂው ዕዳ የለበትም። ሰው አብዝቶ የመጫን ፈተናው ግን አይጠፋም። የግድ ከሆነ እንዲህ ያድርጉት፦ ትንሽም ብትሆን ቋሚ ደመወዝ ይቁረጡለት፣ ፐርሰንቱ በላይዋ ላይ ይሁን፣ የተሳፋሪ ቁጥርና የመጨረሻ መውጫ ሰዓት በጽሑፍ ይፈረም፣ ጡረታውም ይመዝገብ። ይህ በተግባር በደመወዝ መቅጠር ነው፤ ማትጊያ ተጨመረበት እንጂ።

በውል ማከራየት

እውነተኛ ኪራይ ማለት ተከራዩ የራሱን ሥራ በራሱ ፈቃድ የሚሠራበት ነው። ጊዜው በውል ተወስኗል፤ ስድስት ወር ወይም ዓመት። ነጂና ረዳት የሚቀጥረው እሱ ነው። ዋጋ የሚወስነውም፣ ጥገናውን የሚያስደርገውም እሱ ነው። እንዲህ ከሆነ ረዳቶቹ የእሱ ሠራተኞች ናቸው፤ ተሳፋሪውም ውሉ ከእሱ ጋር ነው። ቁጥር 2134 ራሱን ችሎ የሚሠራ ሰው ለሚያጠፋው ጥፋት ሥራውን ያዘዘው ሰው እንደማይጠየቅ ይናገራል። ጀልባውን ለጥቅሙ ይዞ የሚሠራበት ሰውም በቁጥር 2082 በራሱ ይጠየቃል።

የማይሄደው ነገር ባለቤትነትዎ ነው። ውል ለሌለው ሰው፣ ለምሳሌ ለሚዋኘው ልጅ፣ ቁጥር 2081 አሁንም እርስዎን ይጠራል። ስለዚህ ኪራይ የሚሠራው ሁለት ነገር ሲጨመርበት ነው። አንደኛ፣ እርስዎ ከከፈሉ ተከራዩ እንደሚተካልዎ የሚል አንቀጽ። ሁለተኛ፣ ተከራዩ የሚገዛው መድን የእርስዎንም ስም እንዲይዝ። አንቀጹ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ባዶ ኪስ ያለው ተከራይ ምን ይተካል?

ርክክቡ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ላይፍ ጃኬቱን በቁጥር ብቻ አይፈርሙ፤ አንድ በአንድ ያንሱት። ማሰሪያውን ጎትተው ይዩ፤ ፀሐይ የበላው ክር በእጅ ይበጠሳል። ስፖንጁን ጨምቀው ይልቀቁት፤ ተጨምቆ የቀረ፣ ወይም ውሃ ጠጥቶ የከበደ ከሆነ ሰው አያንሳፍፍም። ስፋቱንም ያስተውሉ፦ አብዛኛው የትልቅ ሰው ነው፣ እሁድ እሁድ የሚመጡት ደግሞ ቤተሰቦች ናቸው። የሦስት ዓመት ሕፃን ውሃ ውስጥ ሲገባ ከትልቅ ሰው ጃኬት ሾልኮ ይወጣል። የልጅ ጃኬት ስንት እንዳለ በርክክቡ ወረቀት ላይ ለብቻው ይጻፍ። የጀልባውን ወለል ስንጥቅ፣ የሞተሩን ማጥፊያ ገመድ፣ የነዳጅ ቱቦውን ፎቶ አንሱ። የሚያውቁትን ችግር ደብቀው ካከራዩ፣ ኪራይ ነው ማለቱ ከራስዎ ጥፋት አያወጣዎትም።

ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ። "ኪራይ" ተብሎ ተጽፎ በየቀኑ ብር የሚሰበሰብበት፣ ባለቤቱ በስልክ "አሁን ውጣ፣ አሁን ግባ" የሚልበት ውል አለ። እሱ ገቢ ማስገባት ነው፤ ርዕሱ ብቻ ነው የተቀየረው።

ድርጅትና ማኅበር

ጀልባው ሁለት ሦስት ከሆነ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ማሰብ ተገቢ ነው። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ጀልባው የድርጅቱ ንብረት ይሆናል። አሠሪውም፣ ባለቤቱም፣ ተከሳሹም ድርጅቱ ነው። እርስዎ ያዋጡትን ሊያጡ ይችላሉ፤ ቤትዎ ግን በመርህ ደረጃ ውጭ ነው።

ይህ የሚሠራው ጀልባው በእውነት በድርጅቱ ስም ከተመዘገበ ነው። ድርጅት ከፍተው ጀልባውን በራስዎ ስም ካስቀሩት ቁጥር 2081 የሚያገኘው እርስዎን ነው። የድርጅቱን ብርና የቤት ወጪን በአንድ ሒሳብ ካንቀሳቀሱም ያ አጥር ሊፈርስ ይችላል። ራስዎ እየነዱ ሰው ከጎዱ ደግሞ ድርጅቱ ከራስዎ ጥፋት አይሸፍንዎትም። የሒሳብ መዝገብና የግብር ጣጣውም ስላለ፣ ለአንድ ጀልባ ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

ማኅበር ሲባል ሁለት ነገር አለ። ተራ የሚያስከብረው ማኅበር አባልነት ኃላፊነትዎን አይቀንስም፤ ጀልባው የራስዎ ነውና። ጀልባዎቹ የማኅበሩ የሆኑበት፣ በኅብረት ሥራ ሕግ የተመዘገበ ማኅበር ግን በሕግ ፊት ራሱን እንደቻለ ሰው ይቆጠራል። "ማኅበር ውስጥ ነኝ" የሚል ሰው የትኛው ውስጥ እንዳለ መተዳደሪያ ደንቡን አውጥቶ ይመልከት።

ራስ መንዳት አጭር ነው። አሠሪነት የለም፣ የሰው ጥፋት አይሸከሙም። ነገር ግን ጥፋቱም፣ ባለቤትነቱም፣ የወንጀሉም ጥያቄ አንድ ሰው ላይ ይወድቃል። እርስዎ ከተጎዱ ካሳ የሚከፍልዎ አሠሪም የለም። ለራስዎ የአደጋ መድን ይግዙ።

መድን፦ የትኛው ይቅደም?

መኪና ያለው ሰው ሦስተኛ ወገን መግዛት ግዴታው ስለሆነ ጀልባም እንደዚያ ይመስለዋል። የሦስተኛ ወገን አዋጅ ቁጥር 799/2005 የወጣው መንገድ ላይ ለሚሄድ ተሽከርካሪ ነው። ለጀልባዎ ጠይቀው ካልገዙ ሽፋን የለዎትም።

ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይሸጣሉ። አንዱ ለጀልባውና ለሞተሩ ነው። አንዱ ለተሳፋሪና ለሌላ ሰው ለሚኖርዎ ኃላፊነት ነው። አንዱ ለሠራተኛ ጉዳት ካሳ ነው። ብድር ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚገዛው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ አበዳሪው መያዣው እንዳይጠፋበት ስለሚጠይቅ። ጀልባው ሲሰምጥ አበዳሪው ይካሳል። የሞተው ተሳፋሪ ቤተሰብ ግን ወደ እርስዎ ነው የሚመጣው።

ብር ካጠረዎ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። በመጀመሪያ የተሳፋሪና የሌላ ሰው ኃላፊነት። ቀጥሎ የሠራተኛው። ጀልባው መጨረሻ ላይ ይሁን። የጀልባ ኪሳራ መጠኑ ይታወቃል፤ ከጀልባው ዋጋ አይበልጥም። የሰው ጉዳት ግን ጣሪያው አስቀድሞ አይታይም።

ሲገዙ ሁለት ነገር አጥብቀው ይጠይቁ። ለተሳፋሪ የሚሸጥልዎ የቡድን አደጋ መድን ነው ወይስ የኃላፊነት መድን? የመጀመሪያው ለእያንዳንዱ ሰው የተቆረጠ ብር ይከፍላል፤ ከዚያ በላይ ፍርድ ቤት ቢወስን የራስዎ ነው። ሁለተኛው እስከ ገደቡ ድረስ ፍርዱን ይሸፍናል። ሌላው፣ ፖሊሲው (የመድን ውሉ) "ፈቃድ ያለው ነጂ" እና "ከተፈቀደው የሰው ብዛት ያልበለጠ" ይላል? አብዛኛውን ጊዜ ይላል። የጀልባዎ የመጫን አቅም በፈቃዱ ላይ ስንት ተብሎ እንደተጻፈ አይተው፣ ያንኑ ቁጥር ጀልባው ላይ በቀለም ያስጽፉ። የሀገር ውስጥ ውሃ ትራንስፖርትን በፌዴራል ደረጃ የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ነው፤ እዚህ ከተማ ፈቃዱን በየትኛው ቢሮ በኩል እንደሚያድሱ ተራ አስከባሪዎቹ ያሳይዎታል። ለሠራተኛው መድን ደግሞ ደመወዙን አሳንሰው አይንገሩ። መድን ሰጪው የሚያሰላው በነገሩት ነው፤ ልዩነቱን የሚሞሉት እርስዎ ነዎት።

ታዲያ ለማን የትኛው?

ሀዋሳ የሚኖር፣ አንድ ጀልባ ያለውና በየቀኑ ዳር ወርዶ ማየት የሚችል ሰው፣ በደመወዝ ይቅጠር፣ ጡረታ ያስመዝግብ፣ የኃላፊነት መድን ይግዛ። ትርፉ ይቀንሳል፤ እንቅልፍ ግን ይኖረዋል።

ሌላ ከተማ ወይም ውጭ ሀገር ያለ ባለቤት መቆጣጠር የማይችለውን ሠራተኛ ባይቀጥር ይሻለዋል። ለሱ ኪራዩ ይሻላል፤ ተከራዩ ግን ፈቃድና መድን ያለው፣ በሥራው የታወቀ ሰው ይሁን። ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ቢሆንም ውሉ ይጻፍ። ዘመድ ላይ አደጋ ሲደርስ ነው ነገሩ በጣም የሚመረው።

ከሁለት ጀልባ በላይ ያለው ድርጅት ያቋቁም፣ ጀልባዎቹንም በድርጅቱ ስም ያዙር።

ዛሬ ገቢ እያስገባ ያለ ነጂ ካለዎት ደግሞ አይጨነቁ፣ አያባርሩት። አንድ ቀን ሻይ ይጋብዙትና ቁጭ ብላችሁ ያለፉት ወራት በአማካይ ስንት እንደተረፈው ይጠይቁት። ያቺን መነሻ አድርጋችሁ ደመወዝና ፐርሰንት ተስማሙ። ብዙ ነጂ ለተረጋጋ ወርሃዊ ብር ሲል ትንሽ ይቀንሳል።

አደጋ የደረሰ ቀን

መጀመሪያ ሰው ማዳንና ሆስፒታል ማድረስ ነው። ለሕክምና የሚያወጡት ገንዘብ ጥፋተኝነትን ማመን አይደለም፤ በዚህ ፈርተው አይዘግዩ። ፖሊስ ወዲያው ይጠራ። ለመድን ድርጅቱ በፖሊሲው በተጻፈው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ በስልክ ብቻ አይበቃም። እርስዎም ነጂዎም ስለ ጥፋቱ በሽምግልና ወረቀት ላይ ከመፈረማችሁ በፊት መድን ሰጪውን ያናግሩ፤ ብዙ ፖሊሲ ያለ ፈቃዱ ኃላፊነት መቀበልን ይከለክላል። ለቅሶ መድረስና ቤተሰቡን ማጽናናት ግን ማንም አይከለክልዎትም፤ ይሂዱ።

ጀልባውን አያጥቡ፣ አይጠግኑ፤ ፎቶ ይነሳ። በዚያ ቀን የነበሩ ተሳፋሪዎችን ስምና ስልክ ይያዙ። ውል የሌለው ተጎጂ ክስ የሚያቀርበው በመርህ ደረጃ በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ በውል ላይ የተመሠረተ ጥያቄ ግን ከዚያም ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የዕለት መውጫ ደብተሩን፣ የነዳጁንና የሕክምናውን ደረሰኝ፣ ነጂው የፈረመበትን የደህንነት መመሪያ በአንድ ፋይል አድርገው ቤትዎ ያስቀምጡ፤ ጀልባው ውስጥ አይተዉት።